ከቡልጋሪያ የመጣው ጊንጥ

ለጌታነህ፣ እኔ የምጸየፈውን ሁሉ ትወድ ለነበርከው ባሌ፤

ከተለያየን ስድስት ዓመት ከአራት ወር ሞላን። «እንደምን አለህ» ብዬ አልጀምርም። ለሞተ ሰው እንደምን አለህ ማለት ወግ ለማድረስ ያህል ነው፤ አንተ ደግሞ ለወግ ያህል የሚባል ነገር አትወድም ነበር። እኔን ከጠየቅከኝ ግን ደኅና አልነበርኩም። ሆዴን ሲያቅለሸልሸኝ ነው የከረመው። በሽታ አይደለም፣ ሐኪም ቤትም አልሄድኩም። ራሴን ተጸይፌ ነው። አንድ የምናዘዝልህ ነገር አለኝ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ በአፌ ይዤው ከርፍቶብኛል፣ አሁን ልተፋው ነው። ለማንም እንደማትናገርብኝ አውቃለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የካዛንቺሱ ቤታችን ፈርሷል። መጀመሪያ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረጉ፣ ከዚያ ስብሰባ ጠሩ፣ ከዚያ ሌላ ስብሰባ ጠሩ፣ በመጨረሻ የግቢው ሰው ሁሉ ዕቃውን በአይሱዙ እየጫነ ተበተነ። እኔና ልጅህ ህሊና ጎተራ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነን። ፀሐይ ይገባናል። ውሃ ግን በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ እሱም ዝገት ዝገት እያለ። ከላያችን ያሉት ሰዎች የምንጣፋቸውን አቧራ የሚያራግፉት በእኛ በረንዳ ላይ ነው። የመታጠቢያው ቱቦ ውስጥ ደግሞ በረሮ አለ። አንድ ሁለት አይደለም፤ መብራት ሳበራ ስብሰባቸውን እንዳቋረጥኩባቸው ሁሉ ቆመው ጢማቸውን እያወዛወዙ ያዩኛል። አንተ ብትኖር አንዱን በብልቃጥ ይዘህ ለህሊና እግሩን ታስቆጥራት ነበር። እኔ የፈላ ውሃ ነው የምደፋባቸው።

ላውንደሪውም ካዛንቺስን ለቆ ወደ ባምቢስ ሄዷል። አሁንም እዚያው ነኝ። ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር የተጻፈባትን ቁራጭ ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ አያይዛለሁ፣ እድፉን አያለሁ፣ የሚታጠበውን አጥባለሁ፣ የሚተኮሰውን እተኩሳለሁ። አንተ ስታሾፍብኝ የኖርከው በዚህ አልነበር? የሰው ላብ፣ የሰው ወጥ፣ የሰርግ ማግስት ትውከት በእጄ ሲያልፍ ፊቴን አላጨማድድም፤ እድፍ ሥራዬ ነው። እግሩ ከአራት የበለጠ ነገር ሲመጣ ግን እኔ የለሁበትም። ሸረሪት ይቀፈኛል፣ በረሮ ይቀፈኛል፣ የትኋን ስሙን ስጽፍ እንኳ ክንዴን እያሳከከኝ ነው። እንዲህ ያለችውን ሴት አግብተህ ጊንጥ ይዘህባት ገባህ።

በተጋባን በሳምንቱ ከእናትህ ቤት የቀረውን ዕቃህን ስታመጣ አንዲት የእንጨት ሣጥን በአሮጌ ሹራብ ተጠቅልላ መጣች። ከፈትክልኝ። ሁለት መዳፍ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ ላይ ቡናማ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር ተለጥፏል። ጭንቅላቱ አካፋ ይመስላል፣ ሁለት ዓይኖቹ እንደ ባቄላ የታጠፉ ናቸው፣ ሰውነቱ ቀለበት በቀለበት እየጠበበ ሄዶ ሄዶ በመርፌ ያልቃል። ከጎንና ከጎኑ እግር ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ እንደ መቅዘፊያ የሰፉ። በረሮና ጊንጥ ተጋብተው የወለዱት ነው የሚመስለው። ጮህኩ። አንተ አራስ ልጅ እንደሚያሳይ ሰው ፈገግ ብለህ ቆመሃል።

የባሕር ጊንጥ ይባላል አልከኝ። ቡልጋሪያ ጂኦሎጂ ስትማር አንድ ክፍል አብሮህ የሚኖር የዩክሬን ልጅ ነበር። አገሩ ድኒስተር የሚባል ወንዝ ዳር ነው፤ ከወንዙ ገደል በገዛ እጁ ፈልቅቆ ያወጣውን ድንጋይ ስትለያዩ ሰጠህ። የጓደኞችህ ሻንጣ ካፖርትና ቴፕ ይዞ ሲመጣ ያንተ ድንጋይ ይዞ መጣ። መጥተህም ጂኦሎጂስት አልሆንክም፣ ጂኦግራፊ አስተማሪ ሆንክ። ድንጋይህን በዓመት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ይዘህ ትሄዳለህ፣ ተማሪዎችህም «ቲቸር ጊንጥ» ብለው ስም አወጡልህ። አንተ ትኮራበት ነበር። እኔ ገበያ መሐል «የቲቸር ጊንጥ ሚስት» ስባል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ለነገሩ ከጋብቻችን በፊትም ምልክቱን አይቼ ነበር። ገና ስንተዋወቅ፣ ሽክ ብለን ሲኒማ ስንሄድ፣ የሰፈራችን ወንዝ ድልድይ ላይ ስትደርስ ቀጥ ብለህ ቆምክ። በጋ ነው፤ ውሃው ሸሽቶ ጥቁር ጭቃው ገጥጦ፣ ግማቱ አናት ይበጠብጣል። እኔ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ጠቅልዬ ልሞት ደርሻለሁ፣ አንተ በጣትህ ጭቃውን እያሳየኸኝ ታስተምረኛለህ።

ከአራት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመለሺ አልከኝ። ዛፍ የለም፣ ሣር የለም፣ ወፍ የለም፤ ውሃ ዳር ዳሩን ከጣት የማይረዝም አረንጓዴ ነገር ብቻ በቅሏል። ዛሬ ዩክሬን የሚባለው አገር ያኔ ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ባሕር ነበር። እነዚህ እንስሳት የባሕር ጊንጥ ይባሉ እንጂ ብዙዎቹ የሚውሉት ከጥልቁ ባሕር ውስጥ አይደለም አልክ። ዳር ዳሩን፣ ደለል ከባሕሩ በከለለው ጨዋማ ኩሬ ውስጥ ነው፤ አንዳንዶቹም የወንዝ ውሃ ከባሕር ውሃ በሚደባለቅበት። ጊንጥም ቢሆኑ ጊንጥ አይደሉም፣ የጊንጥና የሸረሪት የሩቅ ዘመድ ናቸው። ከወገኖቻቸው መሐል ካንተ ቁመት የሚበልጡ ነበሩ። ይኼን ስሰማ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ማለቴን ታስታውሳለህ? እዚያ ጨዋማ ኩሬ ሥር ያለው ጭቃ ደግሞ ልክ እንደ ሰፈራችን ጭቃ አየር የማያገኝ ነው። አየር ከሌለ ትል የለም፣ ትል ከሌለ የወደቀበትን የሚበላ የለም። «ይኼ የምትጸየፊው ግማት ነው እነሱን ያቆየልን» አልከኝ። ፊልሙ አመለጠን። እኔም ከዚህ ሰውዬ ጋር አንድ ቀን አላድርም ብዬ ለራሴ ማልኩ። መሐላዬ እንዴት እንደሆነ አንተው ታውቃለህ።

አንድ ጊዜ ብቻ ልታሸንፈኝ ምንም አልቀረህም ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ላውንደሪው ጎራ ብለህ፣ እኔ የአንድ ሰውዬ ሸሚዝ ኮሌታ በብሩሽ እየፈተግኩ፣ አጠገቤ ባለው ባንኮኒ ተደግፈህ ታየኛለህ። ድንገት «የኔ ድንጋይ ላይ ያለው እንስሳው ራሱ አይደለም» አልከኝ። እነዚህ እንስሳት ሲያድጉ ቅርፊታቸው ይጠባቸዋል፤ ጸጥ ወዳለው ኩሬ ይመጡና ከፊት በኩል ሰንጥቀው አውልቀውት ይወጣሉ፣ በአዲሱም ይሄዳሉ። በየድንጋዩ ከሚገኘው ብዙው ሬሳ ሳይሆን የተጣለ ቅርፊት ነው።

«አንቺ የሰው ልብስ ስታጥቢ ነው የምትውይው» አልከኝ። «ይኼም ልብስ ነው፤ ባለቤቱ አውልቆት ሄዷል። አንድ ቀን በባዶ እጅሽ ንኪልኝ።»

ሳቅኩ እንጂ አልነካሁልህም። አሥር ዓመት ስንኖር ከአልጋው ሥር ስጠርግ ሣጥኑን በመጥረጊያ እንጨት ነበር የምገፋው። አንተም «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያልክ ትስቅብኛለህ።

ከዚያ ኩላሊትህ ታመመ። ሆስፒታል ተኝተህ፣ ድምፅህ እየሳሳ፣ የለመንከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ድንጋዩን ለህሊና አቆዪላት» አልከኝ። እሺ አልኩህ። በሁለተኛው ቀን ሞትክ።

እንግዲህ አሁን ልናገር። ቀብርህ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ገና ግቢው ውስጥ ነው። አክስቴ እትዬ ፋንታዬ ለእንግዳ የሚነጠፍ ፍራሽ ሲፈልጉ አልጋችን ሥር ገብተው ሣጥኑን አወጡት። ከፈቱት። ጩኸታቸውን ለሰማ ሰው ሬሳ እንደ አዲስ የመጣ ነው የሚመስለው። ሴቶቹ ሁሉ ግር ብለው ገቡ፤ ጊንጥ፣ ጊንጥ፣ ይባላል። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ ደረታቸውን እየመቱ «እሱ ራሱ ነግሮኛል፤ ከቡልጋሪያ ነው ያመጣሁት ብሎኛል» አሉ።

እውነት ነው፣ ነግረሃቸዋል። ወንፊት ሊዋሱ መጥተው አስቀምጠህ ድንጋይህን ያሳየሃቸው ቀን። አንተ ያልከው አገሩን ነው። እሳቸው የሰሙት ሰፈሩን ነው። ቡልጋሪያ ለእማማ ዘነቡ ከቤታችን በታክሲ ወዲያው የሚደረስበት፣ ጋራዥ የሞላበት፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ደግሞ አንድ ስሙ የወጣ ጠንቋይ ያለበት ሰፈር ነው። ነገሩ ዓይናችን እያየ ተገጣጠመ። ጌታነህ ጠንቋይ ቤት ሄዶ በድንጋይ ላይ ጊንጥ አስደግሞ አልጋው ሥር አስቀመጠ፤ ጊንጡም ዞሮ የራሱን የባለቤቱን ኩላሊት በላ። ለማን ብሎ እንዳስደገመው እንኳ ለመገመት ጊዜ አልፈጀባቸውም። አንተን፣ ጉንዳን እንዳይረግጥ ዞሮ የሚሄደውን ሰው፣ ሬሳህ ሳይቀዘቅዝ መተተኛ አደረጉህ። ያኔ እትዬ ፋንታዬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ወይንሸት፣ እውነት ከቡልጋሪያ ነው ያመጣው?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አገሩ ነው ማለት። የተማረበት አገር ነው፣ ይኸው ዲግሪው ማለት። ዲግሪህ እኮ ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ፊደሉን የሚያነብ ጠፋ እንጂ። ጌታነህ፣ እኔ ያልኩት «አዎ፣ ከቡልጋሪያ ነው» ነው።

ሐዘን አደንዝዞኝ ነው ብዬ ልዋሽህ እችል ነበር። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው፣ ማንም አይቃወመውም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጠልቼው ስለኖርኩ ነው። አሥር ዓመት አልጋዬ ሥር ያስተኛሁት ነገር በሰው አፍ፣ በሰው ፍርድ ሊወጣልኝ ሆነ፤ እጄ ንጹሕ እንደሆነ ልገላገለው ሆነ። ደስ አለኝ። አንተ በሞትክ ሰሞን፣ በድንኳንህ ውስጥ፣ ለአፍታ ደስ አለኝ። ቃሌ ደግሞ ውሸት አልነበረም፤ ከቡልጋሪያ ነዋ። ከሁሉ የሚያንገሸግሸኝ ይኼ ነው። ውሸታም እንኳ ለመባል አልበቃሁም።

ሚስቱ በገዛ እጇ ትጣለው፣ ወደ ኋላም እንዳታይ ተባለ። ቢጫ ፌስታል ፈልጌ፣ በሌላ ፌስታል ደርቤ፣ ሳልነካው አንከባልዬ አስገባሁት። ከግቢው ጥግ፣ ኮክ ዛፉ ሥር ያለው የጋራ ሽንት ቤት ወስጄ ከተትኩት። ጉድጓዱ ሲቀበለው ያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ተመልሼ እጄን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠብኩ። ያልነካሁበትን እጅ ሦስት ጊዜ።

ህሊና ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። ሰው ሲቀንስ አልጋው ሥር ገብታ ወጣችና «የአባባ ጊንጥስ?» አለችኝ። ከአባባ ጋር ተቀብሯል አልኳት። አመነችኝ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መቃብርህ ጋ ስንሄድ ላንተ አበባ ታስቀምጣለች፣ ከጎኑ ደግሞ አንዲት ትንሽ አበባ ለብቻዋ ለጊንጡ። እኔ ቆሜ አያለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ውሸት እያደረ ገማ።

አሁን ልጅህ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቁመቷ በልጦኛል፣ ስትናደድ ዝም ማለቷ ያንተ ነው። በቅርቡ ትምህርት ቤታቸው ወላጆችን ጠርቶ የተመረጡ ድርሰቶች ሲነበቡ የሷም ነበረበት። ስላንተ ነው የጻፈችው። ያንን ጨዋማ ኩሬ፣ ያንን ጭቃ፣ ልብሱን አውልቆ የሚሄደውን እንስሳ ከደብተሮችህ ለቅማ በሚያምር አማርኛ አስቀመጠችው። እንባዬ መጣ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አባቴ መሬት ውስጥ ብቻውን አይደለም፤ እናቴ የሚወደውን ድንጋይ ደረቱ ላይ አስቀምጣለታለች» ብላ አነበበች። አዳራሹ አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት እያለቀሱ ጉንጬን ሳሙኝ። ተነሥቼ ወጣሁና ግንቡ ሥር አስመለሰኝ። የቁርሴን ሻይ ሁሉ አወጣሁት። የሚወጣው ግን ሌላ ነበር፣ እሱ አልወጣም።

ቤት እንደገባን፣ ዩኒፎርሟን እንኳ ሳታወልቅ ነገርኳት። ሁሉንም፤ እማማ ዘነቡን፣ ቡልጋሪያን፣ ቢጫውን ፌስታል። አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ስትጥይው በእጅሽ ነክተሽዋል?» በፌስታል ነው አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወደ ክፍሏ ገባች። ሦስት ቀን አላነጋገረችኝም፤ የሠራሁትን ወጥ ትታ ደረቅ ዳቦ በሻይ በላች። አልፈረድኩባትም። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆመች። ካዛንቺስ መቆፈር ጀምረዋል፣ ዛሬ ካልሄድን አለቀ አለች።

ሰፈራችንን ብታየው አታውቀውም። በቆርቆሮ አጥረውታል፤ ውስጡ የሰው ገመና ሁሉ ተዘርግፏል። ጋዜጣ የተለጠፈበት የሰው ግድግዳ፣ የተሰበረ ፖፖ፣ ያለ ባለቤት የቀረ ነጠላ ጫማ፣ በላዩ ላይ ዝንብ። የፈረሰ ሰፈር ይቀፋል ጌታነህ፤ ሰው በሩን ዘግቶ ሲኖር የሸሸገው ነው ፀሐይ የሚሞቀው። ኮክ ዛፋችን ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል፤ ቦታውን ያወቅነው በሱ ነው። ያንን ሽንት ቤት አንተ በሞትክ በሁለተኛው ዓመት አፈር ሞልተን ዘግተነው ሌላ ሠርተን ነበር። ኤክስካቫተሩ ጠዋት አንዱን ጎኑን ገምሶታል፤ ጥቁር አፈሩ እንደ ተቆረጠ ኬክ ንብርብሩ ይታያል።

የኤክስካቫተሩ ሹፌር መጀመሪያ ሊያስገባን አልፈለገም። ጉድጓድ ውስጥ ምን አለን ብለን እንደመጣን ሲጠይቅ ወርቅ ቀብራችሁ ነው እንዴ አለ። ህሊና «ጊንጥ ነው» አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ ምናልባትም ያበድን መስሎት አዘነልን። «ምሳ በልቼ እስክመጣ ነው። ከመጣሁ አልጠብቅም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

ህሊና ልትወርድ ስትል ኮሌታዋን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትኳት። አንቺ አትወርጂም አልኳት። ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ሸክፌ ወረድኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደርቋል ብዬ ነበር፤ ላዩ ደርቋል፣ ታቹ አልደረቀም። ሽታው የድልድዩ ሽታ ነው፣ አንተ ያስተማርከኝ። ቋቅ እያለኝ፣ ዓይኔ እያለቀሰ፣ በአንድ የፈረሰ ጣውላ ጫርኩ። የሰው ሁሉ ነገር ወጣ፤ የሕፃን ጫማ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ስም የሌለው ብዙ ነገር። የምሳ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ህሊና ከላይ ሆና ሰዓት ትነግረኛለች፤ ሦስት ቀን ዝም ካለች በኋላ የምታወራኝ ደቂቃ መቁጠር ብቻ ነው።

ከዚያ ቢጫውን ፌስታል አየሁት። ፌስታል እንደሆነ አይበሰብስም። ጎተትኩት፤ ተቀድዶ ባዶውን መጣ። እጄን ከመንካት ያዳነልኝ ፌስታል፣ ባዶውን። ድንጋዩ ሾልኮ ከታች ቀርቷል ማለት ነው፤ ጣውላው ደግሞ አይደርስም። ሰው እንዲህ ሲሆን አያስብም። ጎንበስ ብዬ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩት። ሞቃት ነበር፤ ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። «እማዬ በቃ ተይው፣ ውጪ» አለች ህሊና። አልወጣሁም። ጣቴ የሆነ ጠርዝ ነካ።

ይዤው ስወጣ ሹፌሩ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ቆሟል። አየኝ፣ ድንጋዩን አየ፣ ከፕላስቲክ ጠርሙሱ ውሃ እጄ ላይ አፈሰሰልኝ። ታክሲ ማን ይጭነናል? እስከ ባምቢስ በእግራችን ሄድን፤ ሰው እየሸሸን።

ላውንደሪው ቅዳሜ ከሰዓት ጸጥ ይላል። ከኋላ ካለው ቧንቧ ሥር አስቀምጬ፣ ኮሌታ የምፈትግበትን ብሩሽ ትቼ ለሐር ልብስ የማወጣውን ለስላሳውን አመጣሁ። ሳሙና አላስነካሁትም፤ ሳሙና አይወድም ትል ነበር። ጭቃው እየለቀቀ ሲሄድ መጀመሪያ አካፋው ብቅ አለ፣ ቀጥሎ ባቄላ ዓይኖቹ፣ ቀጥሎ መቅዘፊያዎቹ። አንደኛው የድንጋዩ ማዕዘን ተሰብሮ የጭራው መርፌ ጫፍ የለም፤ ስጥለው ነው የተሰበረው፣ የኔ ሥራ ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ አለ። ስድስት ዓመት እዚያ ውስጥ ተኝቶ አልተበላም። ልክ ነበርክ።

ብሩሹን አስቀምጬ በአውራ ጣቴ ከጭንቅላቱ እስከ ተሰበረው ድረስ ሄድኩበት። ይሻክራል ብዬ ነበር። አይሻክርም፤ እንደ ተተኮሰ ኮሌታ ነው። ያኔ ነው የጮህኩት፣ በለቅሶህ ያልጮህኩትን። ህሊና አላባበለችኝም፤ ግን መጥታ እጇን ከእጄ አጠገብ አስቀመጠች።

እኛ ቤት ባለቤቱ ያልመጣለት ልብስ አይጣልም። ከኋላ አንድ ብረት አለ፤ ቁጥሩ እንደታሰረበት እዚያ ይሰቀላል። አንዳንዱ ዓመት ይቆያል፣ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ለድንጋይህም ቁራጭ ጨርቅ ቆርጬ በክር አሰርኩለት። በቁጥሩ ፈንታ በገዛ እጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ልብስ፤ የጌታነህ፤ ከቡልጋሪያ የመጣ። ህሊና አንብባው እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደችና ከሥሩ «ከአገሩ» ብላ ጨመረች።

አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል። ባለፈው ሳምንት እትዬ ፋንታዬ ሊጠይቁን መጥተው አዩት። ፊታቸው ሲለዋወጥ አላስጠየቅኳቸውም። «አገሩ ነው፣ እትዬ» አልኳቸው። «ሰፈሩ አይደለም። ያኔም አውቅ ነበር።» ሻያቸውን ሳይጨርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ። እማማ ዘነቡ ምትክ ቤት የት እንደደረሳቸው አጠያይቄ እሳቸውም ጋ እሄዳለሁ፤ መተተኛ እንዳልነበርክ በሰሙበት ጆሯቸው ይስሙኝ።

እሺ ያልኩህን አሁን ነው የጀመርኩት። ህሊና የራሷን ቤት እስክትይዝ አቆይላታለሁ። በየዓመቱ በመታሰቢያህ ቀን አቧራውን እጠርግለታለሁ፣ በጨርቅ ሳይሆን በባዶ እጄ፣ አንተን እያሰብኩ። ብቻ ወደደችው ብለህ እንዳትታለል። ጠዋት ጠዋት ከመኝታዬ ስወጣ እነዚያ ባቄላ ዓይኖች ሲያዩኝ አሁንም ሰውነቴ ይሸማቀቃል። የጠሉት ይወርሳል አልክ፤ ይኸው ወረሰኝ። አሁንም ይቀፈኛል ጌታነህ። ግን እይዘዋለሁ።

ወይንሸት